መኪና በመኪና

ሠላሳ ዓመት ሙሉ መኪና ነዳሁኝ፣
ቢቸና በረንዳ እንደተቀመጥሁኝ።
እግሬ ፔዳል ረግጦ፣ እጄ መዘውር ይዞ፣
ክሩ ስንቱን አገር በመርፌ ተጉዞ፣
እኔ ግን እዚያው ነኝ፣ ወገቤ ደንዝዞ።
ጥቁር ሲንጀር ነበረች፤ ወርቃማ ጽሕፈቷ
በአባቴ አውራ ጣት ተፍቆ ያለቀ ከፊቷ።

ባለፈው ጥቅምት ላይ ጋሽ አለኸኝ መጣ፣
ከዘራው ቀድሞት ደረጃውን ወጣ።
«የወንበር ልብስ ስፋ፣ ለዳትሰኗ» አለኝ።
«ለዚያች ለቆመችው?»
«ቆማም ቢሆን አለችኝ።
ማንም አይገዛትም። ግን እርቃኗን ሆና ሳያት ነው የከፋኝ።»

ሜትሬን ባንገቴ አንጠልጥዬ ሄድሁ፤
ከብሳናው ጥላ ሥር የስልሳ አምስቷን ዳትሰን አየሁ።
ሰማያዊ ነበር ይሉታል ቀለሟን፤
ዝገት እንደ ድልህ ተቀብታለች አሁን።
ጎመንዘር አብቦላት ከኋላ አጊጣለች፤
ሹፌሩ ወንበር ላይ ዶሮ ታቅፋለች።
ልለካ ስጠጋ በምንቃር ወጋችኝ፣
«ተይዟል!» በሚል ዓይን ዞራ ገላመጠችኝ።

ጋሽ አለኸኝ ሳቀ። ወዲያው ሳቁን ዋጠው።
«ይኸን እግር» አለኝ፣ «እስቲ ተመልከተው፤
ደጀን፣ ጎሐ ጽዮን፣
ዓባይን አርባ ዓመት ሲወርድ ሲወጣ የኖረ ነው።
ሌሊት ተኝቼ እንኳ ፍሬን ይፈልጋል፣
አንሶላ ይረግጣል፣ ሚስቴን ያስነሳታል።
ሩቁ ጨልሞብኛል፣ ቅርቡን ግን አያለሁ፤
ገደል የሌለባት መኪና እሻለሁ።
ያንተን ስጠኝና ይችን ውሰድ በላ።»
እኔ ሳቅሁ። እሱ ግን አልሳቀም ኋላ።

ሁለቱም አሮጊት፣ ሁለቱም ብረት፤
ስማቸውም አንድ ነው። ከየት ይምጣ ልዩነት?
«ምራቂስ?» አልሁት፣ ለወጉ ነው እንጅ፤
ዶሮዋን መረቀ፣
ከነዘጠኝ እንቁላል፣ ካልተፈለፈለ ልጅ።

ሲንጀሬ በጋሪ፣ ዳትሰኗ በግፊት፣
ገበያው መሐል ላይ ተላለፉ ፊት ለፊት።
ሁለት በርበሬ ነጋዴ፣ አንድ ዲያቆን፣ አንድ ዘበኛ
ይገፋሉ፤ እኔ መሪ ይዤ ቁጭ ብያለሁ እንደ ዳኛ።
ከጋሪው ላይ ሲንጀር አንገቷን ዘንበል አርጋ
አየችኝ መሰለኝ፤ አንድ ነገር ጎኔን ወጋ።

የዝና ደጃፍ ላይ ወገቧን ይዛ ቆማ፣
«እንጀራችን ሄዶ ቆርቆሮ መጣማ!»
መልስ አልነበረኝም።
ዶሮዋን ሰጠኋት።
(ከዘጠኙ እንቁላል ሰባት ተፈለፈሉ፤
እስካሁን ማታ ማታ ዳትሰኗ ውስጥ ያድራሉ።)

ነዳሁ እንግዲህ፤ ግን ልማድ ክፉ ነው፤
እንደ ሱሪ ጠርዝ ቀጥ ብዬ ነው የምሄደው።
መታጠፊያ ሲመጣ ቆሜ ነው የምሻው
መንገዱን እንደ ጨርቅ የሚያዞርልኝ ሰው።

ከሸበል ጤፍ ጭኜ ስመለስ የቀደም ለት
ሳል ያዛት። ከሥሯ ስገባ
ሱሪዬ ሄደ ከጭን እስከ ጉልበት።
ሠላሳ ዓመት የሰፋሁት፣ ለሰፊ ሱሪ ይዤ ሄድሁ፤
ጋሽ አለኸኝ በበረንዳው ፔዳሉን ሲያሞቅ ደረስሁ።

ሰፋልኝ። ስፌቱ ዓባይ በረሃ ነው፤
ይወርዳል፣ ይታጠፋል፣ ደግሞ ይዞራል ገደሉ እንዳይጥለው።
«ምነው ቀጥ ብትል?» አልሁት።
ክሩን በጥርሱ በጠሰና
«ቁልቁለቱን ቀጥ ብሎ የነዳውን ሁሉ» አለኝ፣
«ቀብረን ተመልሰናል።»

ወደ ቤት ስመለስ ዳትሰኗን አቁሜ
ጣቴን በስፌቱ ላይ አስኬድሁት ደግሜ ደግሜ፤
ከጭኔ ቁልቁል ጠመዝማዛውን ወርዶ
ጉልበቴ ላይ ሲደርስ፣
ከአንዲት ወፍራም ቋጠሮ ላይ፣
ድልድዩን አገኘው።